አክሮፖራ የሚበላው ጠፍጣፋ ትል፦ ሁለት ጊዜ የተወረረ ገንዳ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የ450 ሊትር የኮራል አኳሪየም ነው። ከሥሩ ሳምፕ የሚባለው 100 ሊትር ገደማ የሚይዝ የማጣሪያ ገንዳ አለው። ችግሩ ሲጀምር በውስጡ አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋማ ድንጋያማ ኮራል 22 ኮሎኒዎች (ከአንድ ግርጌ ያደጉ የኮራል አካላት)፣ ጥቂት ሞንቲፖራና ስታይሎፎራ የሚባሉ ሌሎች ድንጋያማ ኮራሎች፣ እንዲሁም አምስት ዓሦች ነበሩበት። ውኃው ለብዙ ወራት ሳይናወጥ የቆየ ነው፦ ሙቀቱ 25.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዋማነቱ በሺህ 35፣ አልካላይኒቲው (ኮራል አጽሙን የሚገነባበት በውኃው ያለ የካርቦኔት ክምችት) 8.2 ዲ.ኬ.ኤች በሚባለው መለኪያ፣ ካልሲየሙ በሊትር 430 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዥየሙ 1,350፣ ናይትሬቱ 8፣ ፎስፌቱ 0.06። ቁጥሮቹን ከፊት ያሰፈርናቸው ምክንያት ስላላቸው ነው። ውኃው እንዲህ የተስተካከለ ሆኖ አክሮፖራ መገርጣት ከጀመረ፣ ጥርጣሬው ቶሎ ወደ ተባይ መዞር አለበት። በዚህ ገንዳ ግን ጥርጣሬው እዚያ እስኪደርስ ብዙ ሳምንታት አልፈዋል።

ትሉና እንቁላሉ

ተባዩ ፕሮስቲዮስቶመም አክሮፖሬ የሚባል ጠፍጣፋ ትል ነው። በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ያኔ የተሰጠው ስም አማኩሳፕላና አክሮፖሬ ስለነበር በቆዩ ጽሑፎች የሚገኘው በዚያ ስም ነው። መጀመሪያ የታወቀው በአኳሪየም ውስጥ ነው። በተፈጥሮ ባሕር መኖሩ የተዘገበው ከዚያ በኋላ፣ በአውስትራሊያው ግሬት ባሪየር ሪፍ ላይ ነው።

የሚበላው የአክሮፖራን ሥጋ ነው። ከሥጋው ጋር የሚውጣቸው በኮራሉ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎችና የኮራሉ ቀለሞች አንጀቱ ውስጥ ስለሚቀሩ፣ ገላው ራሱ የተቀመጠበትን ኮራል መልክ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ትል በዓይን ፊት ተለጥፎ እያለ ሳይታይ ያልፋል። አዲስ የተፈለፈለው ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ኮራሉ ላይ ሆኖ አይቶ መለየት አይቻልም ማለት ይቀላል።

ትሎቹ ሁለቱንም ጾታ በአንድ ገላ የያዙ ናቸው፤ ያደገ ሁሉ እንቁላል መጣል ይችላል። እንቁላሉን የሚጥሉት በሕያው ሥጋ ላይ ሳይሆን ሥጋው በሞተበት በተራቆተ አጽም ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮሎኒው ከድንጋዩ ጋር በሚገናኝበት ጥላማ ግርጌ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የማር ቀለም ያላቸው ክብ ከረጢቶች በአንድ ረድፍ ውፍረት ጎን ለጎን ተነጥፈው ይገኛሉ። የተፈለፈሉት ባዶና ነጣ ያሉ ናቸው፤ ያልተፈለፈሉት ጠቆር ብለው የሞሉ ይመስላሉ። በአንድ ከረጢት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ጽንስ አለ። ስለዚህ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ንጣፍ በመቶ የሚቆጠሩ ትሎችን ልትሰጥ ትችላለች።

የሕክምናውን መርሐ ግብር የሚወስነው የእንቁላሉ ዕድሜ ነው። በተለመደው የአኳሪየም ሙቀት እንቁላሉ ለመፈልፈል ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ውኃው ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ በጣም ይዘገያል። ከተፈለፈለ በኋላ ራሱ እንቁላል ለመጣል ደግሞ በግምት አምስት ሳምንት ይፈልጋል። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጋር የማይገጥም ሕክምና መድኃኒቱ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ትሉን ለጊዜው ያሳሳዋል እንጂ አያጠፋውም።

ምልክቶቹ እንዴት ተነበቡ

ትሉ የገባው በሌላ ገንዳ ውስጥ ካደገ አንድ መዳፍ የሚያክል የአክሮፖራ ሚሊፖራ ኮሎኒ ጋር ነው። ኮሎኒው ከነግርጌ ድንጋዩ መጥቶ አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ መድኃኒት ውስጥ ተነከረና ወዲያው ወደ ዋናው ገንዳ ገባ። ነከራው ላዩ ላይ የነበሩትን ትሎች አራግፎ ሊሆን ይችላል፤ ግርጌው ላይ የነበረውን እንቁላል ግን አልነካውም።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ምልክት የታየው ኮራሉ ላይ ሳይሆን በመለኪያው ላይ ነበር። ገንዳው በየቀኑ 60 ሚሊ ሊትር የአልካላይኒቲ ማካካሻ በፓምፕ ይጨመርለት ነበር። መጠኑ ሳይነካ በሁለት ሳምንት ውስጥ አልካላይኒቲው ከ8.2 ወደ 9.4 ወጣ። አክሮፖራ አጽሙን ሲገነባ አልካላይኒቲና ካልሲየም ከውኃው ይወስዳል። እየተበላ ያለ ኮራል ግንባታውን ስለሚቀንስ የሚጨመረው ተርፎ ይጠራቀማል። የገንዳው ባለቤት ግን ፓምፑ ተበላሽቷል ብለው አሰቡና ፓምፑን ቀየሩት። የኮራሎቹ ሰማያዊ ቀለም መደብዘዝ ሲጀምር ደግሞ ብርሃኑ አንሷቸዋል በሚል መብራቱን ከፍ አደረጉ። ሥጋው በተበላበት ኮራል ላይ የብርሃን ጫና መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል፤ ሁለት የአክሮፖራ ቴንዊስ ኮሎኒዎች የሞቱት በዚያ ሳምንት ነው።

ቀስ በቀስ የሚመጣ የሥጋ መላጥ ሌሎች መንስኤዎችም ስላሉት መለየት ያስፈልጋል። አልካላይኒቲ ሲናወጥ የሚመጣው መላጥ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ሆኖ ይጓዛል፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ሥጋ ጤነኛ መልክ አለው። ቀይ ትኋን የሚባሉት ጥቃቅን ክሩስታሴዎች ደግሞ ኮራሉን ያደበዝዙታል፣ ፖሊፑን (አፍ ያለውን ትንሽ የኮራል አካል) ያስሸሽጉታል እንጂ ሥጋ ቦጭቀው አይተዉም። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ቀይ ነጠብጣብ ያላቸው ቢጫ ነጥቦች ሆነው ይንቀሳቀሳሉ፣ መድኃኒታቸውም ሌላ ነው። በመስተዋቱና በድንጋዩ ላይ የሚርመሰመሱት ዝገት መሳይ ቀይ ፕላናሪያዎችም የተለዩ ናቸው፤ አክሮፖራ አይበሉም። ጠፍጣፋው ትል የሚተወው ምልክት ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ የሚል ክብ ወይም ሞላላ የገረጣ ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ከቅርንጫፉ በታችኛውና ጥላ በሚያርፍበት ጎን ይበዛሉ፣ ከዚያ ተያይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። በላይ የሚታየው ጫፍ እስከ መጨረሻው አካባቢ ጤነኛ መስሎ ስለሚቆይ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚያይ ሰው አያገኛቸውም።

እዚህ ገንዳ ላይ ማረጋገጫው የተገኘው እንዲህ ነው። የውኃ ማንቀሳቀሻ ፓምፖች ሁሉ ጠፉ። ነጭ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ ከጎን ተይዞ የቅርንጫፎቹ ሥር ታየ። ከዚያ የጎማ ፊኛ ባለው ትልቅ የወጥ ቤት መምጠጫ ቱቦ ከሥር ወደ ላይ ውኃ በኃይል ተነፋበትና ከኮራሉ የተነሳው ነገር በቀጭን መረብ ተያዘ። የተላጠ ሥጋም እንደ ትል ብልጭ ብሎ ይነሳል። ልዩነቱ የሚታየው ሲያርፍ ነው፤ ሥጋው ዝም ብሎ ሲሰጥም፣ ትሉ ግን መጀመሪያ ይጠቀለላል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይዘረጋና ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል። አንድ የተጎዳ ኮሎኒ ወጥቶ ነጭ ሳፋ ውስጥ ሲነከር 14 ትሎች ረገፉ። ነጭ ሳፋ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በጥቁር ባልዲ ውስጥ ግማሾቹ አይታዩም።

የመጀመሪያው ሕክምና ለምን ከሸፈ

ባለቤቱ ወዲያው ሥራ ጀመሩ። የታመሙ የሚመስሉትን 11 ኮሎኒዎች ከድንጋዩ ነቅለው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ነከሩ። ሌሎቹን በየቀኑ በመምጠጫ ቱቦው እየነፉ አራገፉ። ባለ ስድስት መስመር የሆነውን ሲክስላይን የተባለ ትንሽ ዓሣም አስገቡ። በሦስተኛውና በአራተኛው ነከራ አንድም ትል ስላልረገፈ ሥራው ተጠናቀቀ ተባለና ኮራሎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የንክሻ ነጥቦቹ በመጀመሪያው ዙር ባልታመሙ ኮሎኒዎች ላይ ታዩ።

ስህተቱ ከትጋት ማነስ የመጣ አይደለም፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የፈጀ ሥራ ተሠርቷል። የከሸፈው በሦስት ቦታ ነው፣ ሦስቱም ከእንቁላሉ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ያልታመመ የሚመስል አክሮፖራ ነፃ ነው ተብሎ መታለፉ ነው። ትሉ ቁጥሩ እስኪበዛ ድረስ በአንድ ትልቅ ኮሎኒ ላይ ምልክት ሳይሰጥ መኖር ይችላል። በአንድ ገንዳ ውስጥ ያለ አክሮፖራ ሁሉ እንደ አንድ ታማሚ መቆጠር አለበት።

ሁለተኛው፣ ነከራው የቆመው ከመጀመሪያው ቀን በ21ኛው ቀን ነው። በመጨረሻው ነከራ ዋዜማ የተጣለ እንቁላል ካለ የሚፈለፈለው ከዚያ በኋላ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ነከራ ትል አለመርገፉም ባዶ ነው ማለት አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት የነበሩት አዲስ የተፈለፈሉ፣ በሳፋ ውስጥ እንኳ በዓይን የማይለዩ ነበሩና።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ኮሎኒዎቹ ለዓመታት በድንጋዩ ላይ ተለጥፈው ያደጉ ስለነበሩ፣ ሲነቀሉ ግርጌያቸው ድንጋዩ ላይ ቀርቷል። አንዳንዱ ግርጌ ጠርዙ ላይ የጥፍር ስፋት ያህል ሕያው ሥጋ ነበረበት፤ አጠገቡ ያለው ራቁት አጽም ደግሞ እንቁላል የተነጠፈበት ነው። ይህ ማለት ኮራሉ ሕክምና ላይ እያለ የትሉ ምግብም ማራቢያም ዋናው ገንዳ ውስጥ ተሰናድቶ ቆየ ማለት ነው።

ዓሣውን በተመለከተ ሲክስላይንም ሆነ ቢጫ ኮሪስ የሚባለው ዓሣ የሚንቀሳቀሱ ትሎችን እየለቀሙ ይበላሉ፤ ቁጥሩን ዝቅ አድርገው መያዝ ይችላሉ። በግርጌው ስንጥቅ ውስጥ የተነጠፈውን እንቁላል ግን አያጸዱም። ይባስ ብሎ ቁጥሩን ስለሚቀንሱ ምልክቱ ዘግይቶ እንዲታይ ያደርጋሉ። ዓሣውን እንደ መከላከያ እንመክራለን፤ እንደ ሕክምና ግን ሊቆጠር አይገባም።

ሁለተኛው ዙር

በዚህ ጊዜ በሕይወት የነበሩት 17 ኮሎኒዎች ናቸው። ውሳኔው አክሮፖራ የተባለ ሁሉ ከዋናው ገንዳ እንዲወጣ፣ ገንዳው ትሉ በረሃብ እስኪያልቅ ባዶ እንዲቆይ፣ የወጡትም በሌላ ገንዳ እንዲታከሙ ነበር። ለባለቤቱ ከባዱ ነገር ትልልቆቹን ኮሎኒዎች መቁረጥ ነበር። ሆኖም ሌላ መንገድ የለም፤ ጥቅጥቅ ያለ ትልቅ ኮሎኒ መሐሉ በየትኛውም አቅጣጫ ስለማይታይ እንቁላሉን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። እያንዳንዱ ኮሎኒ በአጥንት መቁረጫ ጉጠት ከጤነኛው ክፍል ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ወደሚሆኑ ቁርጥራጮች ተከፋፈለ። ከአንድ ኮሎኒ ቢያንስ ሁለት ቁራጭ ተወሰደ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። በጠቅላላው 38 ቁራጭ ሆነ። የቀረው ግንድ ከነግርጌው ተጣለ። የቁራጩ የታችኛው ጫፍ ሥጋ የሌለው አጽም ካለበት እስከ ሕያው ሥጋው ድረስ እንደገና ተቆረጠ፣ ከዚያ በወፍራም ሱፐር ግሉ አዲስ ፕላግ (የኮራል ቁራጭ የሚተከልበት እግር ያለው ትንሽ መቀመጫ) ላይ ተጣበቀ። ሙጫው በቁራጩ ዙሪያ የሚታይ ራቁት አጽም እስከማይኖር ድረስ ተለብጧል። ራቁት አጽም ከሌለ ትሉ እንቁላል መጣያ ያጣል፣ ፍተሻውም ይቀላል።

የሕክምናው ገንዳ 90 ሊትር ነው። ወለሉ ባዶ መስተዋት ነው፤ አሸዋም ድንጋይም የለውም። ቁራጮቹ የተቀመጡት በሁለት የፕላስቲክ ፍርግርጎች ላይ ነው። 100 ዋት ማሞቂያ፣ አንድ የውኃ ማንቀሳቀሻ ፓምፕና ከዋናው ሳምፕ ተወስዶ በንጹሕ ጨው ውኃ የታጠበ የስፖንጅ ማጣሪያ ተገጠመለት። ሙቀቱ 26.5 ላይ ተደረገ፣ እንቁላሉ ቶሎ እንዲፈለፈልና ለነከራው እንዲጋለጥ። ብርሃኑ ፓር በሚባለው ለኮራል የሚጠቅም ብርሃን መለኪያ ከ120 እስከ 180 ብቻ ነው፤ የተቆረጠና የታመመ ኮራል የቀድሞውን ብርሃን መቋቋም አይችልም። ከዋናው ገንዳ ውኃም ሆነ ዕቃ ወደዚህ አይገባም፣ ከዚህም ወደዚያ አይሄድም። መረብ፣ ወረንጦና መምጠጫ ቱቦ ለየብቻ ተመደቡ።

ነከራው በየ6 ቀኑ፣ በጠቅላላው 8 ጊዜ ተደረገ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 42 ቀናት ይሆናል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ከሕክምናው ገንዳ የላይኛው ክፍል 8 ሊትር ውኃ በነጭ ሳፋ ይቀዳል። ትንሽ ማሞቂያና ትንሽ ፓምፕ ይገባበታል። ያለ ማሞቂያ ይህን የሚያክል ውኃ ሥራው ሳያልቅ ሁለት ዲግሪ ያህል ሊወርድ ስለሚችል ኮራሉ ከመድኃኒቱ ይልቅ በቅዝቃዜው ይጎዳል። ከዚያ ሉጎል የሚባለው 5 በመቶ የአዮዲን ፈሳሽ በሊትር 10 ጠብታ፣ ማለትም ለ8 ሊትሩ 80 ጠብታ ወይም 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨመራል። ውኃው ቀጭን ሻይ ይመስላል። ቁራጮቹ ከ12 እስከ 13 ሆነው በሦስት ቡድን ይገባሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን መድኃኒቱ በአዲስ ውኃ ይበጠበጣል፤ አዮዲን ከኮራል ዝልግልግና ከሥጋ ጋር ሲገናኝ ኃይሉን ያጣልና በአንዱ ውኃ ሦስቱንም ቡድን መንከር የመጨረሻውን ቡድን ሳያክሙ መመለስ ነው። ቆይታው 12 ደቂቃ ነው። ከ3ኛው ደቂቃ ጀምሮ እያንዳንዱ ቁራጭ ከየአቅጣጫው በመምጠጫ ቱቦው ይነፋል። አዮዲኑ ትሉን ያደነዝዘዋል እንጂ ሁልጊዜ ከኮራሉ ላይ አያወርደውም፤ የሚያወርደው የውኃው ግፊት ነው። ሳይነፉ 12 ደቂቃ ከማቆየት ይልቅ በደንብ እየነፉ 8 ደቂቃ ይሻላል።

ቀጥሎ ቁራጩ አዲስ በተዘጋጀ 8 ሊትር የጨው ውኃ ይታጠባል፣ እንደገና ይነፋል። በሁለተኛ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ደግሞ በአጉሊ መነጽር ይፈተሻል፤ ዙሪያው፣ ሙጫው ጠርዝ፣ በተለይ የፕላጉ የታችኛው ፊትና እግሩ። የተገኘ እንቁላል በምላጭ ተፍቆ በጥርስ ብሩሽ ይጸዳል፣ ቦታው በሱፐር ግሉ ይለበጣል። የትኛውም የነከራ መድኃኒት እንቁላሉን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም፤ ስለዚህ የእጅ ሥራው የማይዘለል ነው።

ኮራሎቹ በሳፋ ላይ እያሉ የሕክምናው ገንዳ መስተዋትና ፍርግርጎች ይፋቃሉ፣ ወለሉ በቱቦ እየተመጠጠ 20 ሊትር ያህል ይደፋል። ለነከራ ከተቀዳው 24 ሊትር ጋር ሲደመር በየ6 ቀኑ ግማሽ ገደማ ውኃ ይቀየራል ማለት ነው። ለዚህም ነው የሚበጠበጠው ጨው አልካላይኒቲው 8 አካባቢ እንዲሆን የተመረጠው። አንዳንድ የጨው ዓይነት 11 እና 12 ይሰጣል፤ ግማሽ ውኃ በዚያ ሲቀየር የቁራጮቹ ጫፍ ይቃጠላል። የነከራና የማጠቢያ ውኃ ተመልሶ ገንዳ ውስጥ አይገባም።

የረገፉት ትሎች ቁጥር በየነከራው ተመዝግቧል። በመጀመሪያው 57፣ በሁለተኛው 11፣ በሦስተኛው 6፣ በአራተኛው 4፣ በአምስተኛው 1፣ ከዚያ በኋላ ዜሮ። ቁጥሩ ብቻውን ሳይሆን መጠናቸውም መጻፉ ጠቅሟል። ከሁለተኛው ነከራ በኋላ የተገኙት ሁሉ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ነበሩ፤ ይህም አዋቂዎቹ ማለቃቸውንና አሁን የሚመጡት ከእንቁላል አዲስ የወጡ መሆናቸውን ያሳያል። አንድ ጊዜ ግን በሦስተኛው ነከራ ላይ በአንድ ፕላግ እግር ላይ ትኩስ የእንቁላል ንጣፍ ተገኘ። የፕላጉ እግር በፍርግርጉ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ከዓይን ተሰውሮ ኖሯል። ከዚያ በኋላ የሁሉም ፕላጎች እግር ተቆርጦ ጠፍጣፋ ገበታ ብቻ ቀረ፣ የተጠረጠረው ፕላግም ሙሉ በሙሉ ተቀየረ።

አዮዲን በተደጋጋሚ ሲሰጥ ዋጋ ያስከፍላል። ከአራተኛው ነከራ በኋላ የሁለት ቁራጮች ጫፍ ነጣ፤ ለእነሱ ብቻ ቆይታው ወደ 8 ደቂቃ ዝቅ አለና ዳኑ። ኢሚዳክሎፕሪድ ያለበት የአትክልት ፀረ ተባይ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ጠንካራ አማራጭ ነው፤ እዚህ ግን ተትቷል። የተሠራው ለዚህ አይደለም፣ ጓንት ይፈልጋል፣ በደንብ ሳይታጠብ የቀረ ጥቂቱ እንኳ ወደ ገንዳ ከገባ ሽሪምፕና ሸርጣን ይፈጃል። ሌቫሚሶል የተባለው የእንስሳት ፀረ ትል መድኃኒትም ትሉን ያሽመደምዳል፣ እንቁላሉን ግን አይነካም። በጨው አልባ ውኃ መንከር ትሉን ቢያሰቃይም አክሮፖራን ከትሉ በፊት ሊገድል ይችላል፤ አይሞከር።

ዋናው ገንዳ ባዶ በቆየበት ጊዜ

ኮራሎቹ በወጡበት ቀን የአልካላይኒቲ ማካካሻው ከ60 ወደ 20 ሚሊ ሊትር ዝቅ ተደርጎ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ተለካ። ዋናው ተጠቃሚ ሲወጣ የሚጨመረው ካልተቀነሰ አልካላይኒቲው በቀናት ውስጥ ጣሪያ ይነካል፤ የቀሩት ሞንቲፖራና ስታይሎፎራ ይጎዳሉ።

በድንጋዩ ላይ የቀሩት ግርጌዎች በመሮ ተፈቅፍቀው ተነሱ፣ መነሳት ያልቻሉት ከጠርዛቸው አንድ ሳንቲ ሜትር አልፎ በኢፖክሲ ሊጥ ተሸፈኑ። እቅዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ 8 ሳምንት መቁጠር ነበር። በ16ኛው ቀን ማታ የገንዳው መብራት ሁሉ ጠፍቶ በሰማያዊ የእጅ ባትሪና በብርቱካንማ መነጽር ፍተሻ ተደረገ። ሕያው የአክሮፖራ ሥጋ በዚህ ብርሃን ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ በቀን ግን ድንጋዩ ላይ ካለው ሐምራዊ አልጌ አይለይም። በድንጋዩ ቅስት ሥር ሦስት ቀጫጭን ጠርዞች ሲያበሩ ተገኙ፣ ትልቁ ከአንድ ጥፍር አይበልጥም። አንደኛው ላይ ውኃ ሲነፋ ሁለት ትሎች ተነሱ። ይህ ፍተሻ ባይደረግ ኖሮ ስምንቱ ሳምንት ሁሉ በከንቱ ባለቀ ነበር።

ሦስቱም ጠርዞች ተሸፈኑና ቆጠራው ከዚያ ቀን እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ስምንት ሳምንት የተመረጠው ለጥንቃቄ ነው። እንቁላሉ ቢዘገይ እስከ ሦስት ሳምንት ይሄዳል፤ የተፈለፈለው ትል ያለ አክሮፖራ ብዙ ቀን አይቆይም። በስድስት ሳምንት የሚያበቁ አሉ፣ ውኃው 26 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይሠራ ይሆናል። ውኃው ወደ 24 በሚጠጋበት ገንዳ ግን ስድስቱን ሳምንት አናምነውም። የሰማያዊ ብርሃን ፍተሻው በየሳምንቱ ተደገመ፣ ሌላ ጠርዝ አልተገኘም።

መመለስ

ስምንቱ ሳምንት ሲያልቅ 38ቱም አንድ ላይ አልተመለሱም። አስቀድሞ ትሉ አብዝቶ ከበላቸው ሁለት ዓይነቶች፣ ከሚሊፖራውና ከቴንዊሱ፣ አንዳንድ ትንሽ ቁራጭ ዋናው ገንዳ ውስጥ ዝቅ ባለና ጥላ በበዛበት ቦታ ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት ቆይተው ወጥተው ተነከሩ፣ ግርጌያቸው ተፈተሸ። ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ትል ቢገኝባቸው ኖሮ የሚጠፋው ሁለት ቁራጭና ጊዜ ብቻ ነበር። የቀሩት የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ከ38ቱ በሕይወት የደረሱት 33 ናቸው። ከ17ቱ ዓይነቶች አንድም አልጠፋም፤ ከእያንዳንዱ ሁለትና ከዚያ በላይ ቁራጭ መወሰዱ እዚህ ላይ ጠቅሟል።

አዲሱ አተካከል ከቀድሞው ይለያል። ቁራጮቹ በዋናው ድንጋይ ላይ በቀጥታ አልተጣበቁም፤ ጡጫ በሚያክሉ፣ በእጅ መነሳት በሚችሉ ድንጋዮች ላይ ተተክለው ቦታ ያዙ። ይህ አቀማመጥ መልኩን ትንሽ ቢያሳንሰውም ማንኛውንም ኮሎኒ ከነግርጌው አውጥቶ መፈተሽ ያስችላል። ለስድስት ወር በየወሩ አንድ ኮሎኒ እየተፈራረቀ ይወጣል፣ ይነከራል፣ የሳፋው ውኃ በቀጭን መረብ ተጣርቶ ይታያል። የመብራቱ ብርታትም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በስድስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ የአልካላይኒቲ ማካካሻው ደግሞ ኮራሎቹ እድገት በጀመሩ ቁጥር በየሳምንቱ እየተለካ በ5 ሚሊ ሊትር ከፍ ተደረገ።

የ90 ሊትሩ ገንዳ አልፈረሰም። አዲስ የሚገባ አክሮፖራ ግርጌው ተቆርጦ በአዲስ ፕላግ ላይ እዚያ ውስጥ ሰባት ሳምንት ይቆያል፣ በየሳምንቱ ይነከራል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ነከራዎች ትልም እንቁላልም ካልተገኘ ያልፋል። ከተገኘ ቆጠራው ይታደሳል። አክሮፖራ ያልሆነ ኮራልም አክሮፖራ ካለበት ገንዳ ከመጣ ነፃ ተደርጎ አይታይም። የሞንቲፖራ ወይም የለስላሳ ኮራል ፕላግ ከአክሮፖራ ጎን ቆይቶ ከሆነ እግሩ ላይ እንቁላል ሊይዝ ስለሚችል፣ ኮራሉ ከፕላጉ ይነሳና አሮጌው ፕላግ ይጣላል። ፕላጉን መጣል ካልተቻለ ደግሞ ኮራሉ ምንም አክሮፖራ በሌለበት የሕክምና ገንዳ ውስጥ ለስድስት ሳምንት ብቻውን ይቀመጣል፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈል ካለ የሚበላው አጥቶ ያልቃል።